ከድሪቶው የወጣችው አረንጓዴ እራፊ

ላቀው በዕድሜው ከዋሸው ውሸት ሁሉ አንዷን ብቻ መልሶ እንዲውጣት ቢፈቀድለት፣ የቀሩትን እስከ ዕለተ ምጽአት ተሸክሞ ለመኖር በደስታ ይስማማ ነበር። የቀሩት ደግሞ በአንድ በቅሎ የሚጫኑ አይደሉም።

ደባርቅ ላይ የፈረንጅ ጓዝ ጭኖ ወደ ስሜን ተራራ የሚወጣ ባለ በቅሎ ሞልቷል። የላቀው በቅሎ ግን ሁልጊዜ ቀድማ ትያዛለች። ጉልበት ኖሯት አይደለም፤ እንዲያውም ዳገት ስታይ የሚያማት ዓይነት ናት። መንገዱን የሚያሳጥረው ባለቤቷ ነው።

«ሳንቃበር ላይ አንድ ጭላዳ ዝንጀሮ ጋቢዬን ሰረቀኝ» ብሎ ይጀምራል። «ሰረቀኝና ወስዶ ለአለቃቸው አለበሰው። አለቅዬው ጋቢውን ተከናነበ፣ ድንጋይ ላይ ጉብ አለ፣ ዳኝነት ጀመረ። እኔ ከሳሽ፣ ሌባው ተከሳሽ። ግራ ቀኙን ሰማና ምን ፈረደ መሰላችሁ? ‹ጋቢው ለዳኛው ይሁን!› ይግባኝ እንዳልል ብርድ ያዘኝ፤ ትቼላቸው ወረድሁ።»

ሰው ይስቃል። ውሸት መሆኑን የማያውቅ የለም፤ የሚያምነውም የለም፤ ግን «እስቲ የጭላዳውን» ብሎ የማይለምነው የለም። ከስድስተኛ ክፍል ሲያቋርጥ እንኳ «መምህሩ የሚያውቀውን ጨረሰና ‹በል ሂድ፣ ከዚህ በላይ የለኝም› ብሎ አሰናበተኝ» ብሎ ነው ያወራው። ቀልዱ ማንንም ጎድቶ አያውቅም። እሱ እንደዚያ ይመስለው ነበር።

ታላቅ እኅቱ ውቢት የሱ ተቃራኒ ናት። አንድ ቃል ከአፏ ማውጣት ከጉድጓድ ውኃ እንደመቅዳት ነው። ባሏ ቀድሟት ሞቶ በአንድ ልጅ ቀርታ ነበር፤ ገዱ ይባላል። ገዱ ለባድመው ጦርነት ዘመተ፤ በሱ ፈንታ መርዶው መጣ። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። በሰው አገር ለወደቀ ሰው እንደሚደረገው፣ ልብሱ ከሜዳው መካከል እንጨት ላይ ተሰቅሎ ተለቀሰለት። ጋቢው፣ ኮቱ፣ ከላይ ደግሞ አረንጓዴ ሸሚዙ። አልቃሿ ወደ ሸሚዙ እያመለከተች ሙሾ ስታወርድ፣ ነፋሱ እጅጌዎቹን እየነፋ አንዳንዴ ሰው የገባባቸው ያስመስላቸው ነበር። ላቀው ያን ቀን ማየት አቅቶት ፊቱን ወደ በቅሎዎቹ አዞረ።

የሟች ልብስ ከቤት አይቀርም። በተዝካሩ ዕለት ለነዳያን ተሰጥቶ ለነፍሱ ይሆነዋል እንጂ፣ ሳጥን ውስጥ ተደብቆ አይቀመጥም። ውቢትም ሰጠች። ሁሉንም የሰጠች መሰለ። የነፍስ አባቷ መምሬ ደምለው እንኳ «እግዚአብሔር ይቀበልልሽ» ብለው ባርከዋት ሄዱ። አረንጓዴውን ሸሚዝ ግን ከዱቄት ዕቃው ሥር ሸጉጣው ነበር፤ ይህን ላቀው አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ነው ድሪቶ መስፋት የጀመረች።

ድሪቶ የድኻ ልብስ ነው። «ድሪቶ ለባሽ» ከተባልህ ተሰድበሃል፤ ሲያጋጥምህም በዱላ ልትመልስለት ይገባል። ውቢት ግን ስድብ አልታያትም። ገበያ ላይ ልባሽ ጨርቅ የምትሸጠው ኡሙሰልማ ከእስሩ መሐል የተቀደደውን፣ ዚፑ የተበላሸውን፣ ቀለሙ ቡን ያለውን እየለየች «ወሰጅው እቴ፣ እኔ ከምጥለው» ትላታለች። ውቢት ታጥበዋለች፣ ስፌቱን ትተረትራለች፣ ደህና ደህናውን ትቆርጣለች። ክሩ ራሱ ካረጀ ሹራብ የተተረተረ ነው። ገበሩ ያለቀ ጋቢ። የቀይ ካፖርት ቁራጭ ከልጅ ዝናብ ልብስ ቢጫ አጠገብ፣ አበባ ያለበት የመስኮት መጋረጃ ከጂንስ ሱሪ ጉልበት አጠገብ፤ እንዲህ እያለች አንድ ክረምት ሙሉ ሰፋችው። ጎህ ሲቀድ ከሊማሊሞ ገደል አፋፍ ወደ ታች እንደሚያዩት አገር ሆነ፤ እርሻው፣ ጥላው፣ ገብሱ፣ ቀዩ አፈር፣ ሁሉም በየመልኩ።

ከመካከል አረንጓዴዋን አስቀመጠች። የሸሚዙን ደረት ነው የቆረጠች። ማንም እንዳያውቀው የውስጡን ወደ ላይ ገልብጣ፣ ኪሱን ፈትታ ሰፋችው። ሆኖም ኪሱ ተሰፍቶበት የኖረው ቦታ ፀሐይ ስላልነካው ጠቆር ብሎ ቀረ፤ አራት ማዕዘን፣ የመዳፍ ያህል።

ጎንደር ተምራ የመጣች ሊድያ የምትባል ልጅ ነበረች፤ የእጅ ሥራ በሚያግዝ ፕሮጀክት ተቀጥራ ደባርቅን ቤት ለቤት ስትዞር ድሪቶውን አየችው።

«እማማ ውቢት! ይሄ እኮ አርት ነው! ሪሳይክል ማለት ይሄ ነው! ኤግዚቢሽን ላይ እንሰቅለዋለን።»

ውቢት «እንሰቅለዋለን» የሚለውን ቃል ስትሰማ መርፌዋን አስቀመጠች።

«ጨርቅ ተሰቅሎ ሰው የሚሰበሰብ ለቅሶ ላይ ነው ልጄ። እኔ አንድ ጊዜ ሰቅያለሁ፤ ይበቃኛል።»

ሊድያ ገባት አልገባት፣ ላቀውን ለመነችው። ላቀው ደግሞ ለልመና ሳይሆን ለመድረክ የተፈጠረ ነው።

«እታለም፣ ይህ እኮ የሙያ እንጂ የለቅሶ አይደለም። ሸክላው፣ ስፌቱ፣ ሁሉም ይመጣል። ያንቺ ተደብቆ ይቅር? ድሪቶሽ እንኳ ያኮርፍሻል።»

ብዙ ለመናት። በመጨረሻ «እሺ» አለች። «ግን አንተ አጠገቡ ቁም። እኔ ሰው ትክ ብሎ ሲያየኝ ምላሴ ይታሰራል። ያንተ እንደሆን ማሰሪያ የለውም፤ አንተ ተናገርልኝ።»

«ምኑን ቸገረሽ!» አለ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ በወረዳው አዳራሽ ዐውደ ርእዩ ተከፈተ። የደረስጌ ሴቶች ሞሰብ ይዘው መጡ፤ ከመካነ ብርሃን አንድ ሽማግሌ የቀንድ ዋንጫ ይዞ በእግሩ ወጣ። ድሪቶው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ውቢት ለአፍታ አየችውና ክር አልቆብኛል ብላ ወደ ኡሙሰልማ መደብ ሄደች። ላቀው አጠገቡ ቆመ፤ ጥምጣሙን አስተካከለ።

መጀመሪያ የተናገረው አሻግሬ ነበር፤ የአምባ ጊዮርጊስ እህል ነጋዴ፣ ኮፍያው ከራሱ የማይወርድ ሰው።

«ይሄን ለማየት ነው ከአምባ ጊዮርጊስ በሚኒባስ ተጠቅጥቄ የመጣሁ? ድሪቶ? ምነው ቀድማችሁ ብትነግሩኝ የአህያዬን ግላስ አመጣው ነበር!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ላቀው ሲስቁለት እንጂ ሲስቁበት አያውቅም። ደሙ ፈላ። የእኅቱ ክረምት ሙሉ ጣቷን የወጋችበት ሥራ በአህያ ግላስ ሲመሰል ዝም ብሎ ሊሰማ? ምላሱ ከሱ ቀደመች።

«አሻግሬ፣ አንተ ጤፍና ማሽላ ትለይ እንደሆን እንጂ ጨርቅ የት አይተህ! ይቺ ቀይዋን ታያለህ? እሜት ጎጎ ተራራ ላይ ነፋስ ያነሣት የአንዲት ፈረንጅ ካፖርት ናት። ሴትዮዋ ቆላ ስትደርስ ካፖርቷ እዚህ ቀረች፤ እስከ ዛሬ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ‹ካፖርቴ ደህና ናት ወይ?› እያለች። ሰማያዊዋ ደግሞ ኳስ ተጫዋች ለብሷት የእንግሊዝን በረኛ ያስለቀሰባት ናት።»

ሰው ቀረብ ቀረብ አለ። ሊድያ ፎቶ ታነሣለች። አንዲት ባልቴት ጣቷን ዘርግታ «ይቺ አረንጓዴዋስ?» አለች።

ላቀው ስለ አረንጓዴዋ ምንም አላዘጋጀም ነበር። ጠቆር ያለችውን አራት ማዕዘን አየ። የቀረው ራሱ መጣለት። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ትልቁን ውሸት ሲያመጣ ሁልጊዜ ዝቅ ያደርጋል።

«እሷንስ በጣት አትጠቁሙ። ቆላ ካለ አንድ ጥንታዊ ገዳም የመጣች የመቅደስ መጋረጃ ናት። እቺ ጠቆር ያለችው ሥዕል ተሰቅሎባት የኖረች ናት፤ ስንት ዘመን ፀሐይ ያልነካት። አንድ መነኩሴ ናቸው ለእኅቴ የሰጧት።»

ባልቴቲቱ ነጠላዋን አጣፋች። ሄደችና ግንባሯን አረንጓዴዋ ላይ አድርጋ ሳመች፤ የሚያማትን ዓይኗንም አሸችበት። ከሷ በኋላ ሌላዋ። ከዚያ ወንዶቹ። አሻግሬ ሳይቀር ኮፍያውን አወለቀ፤ የአሻግሬን መላጣ ያን ቀን ነው ደባርቅ ያየች። ላቀው ደረቱ ተነፋ። ሰዉ ሲሳለም እያየ የራሱም ጉልበት ሊንበረከክ ቃጣው፤ እንዲህ ነበር ውሸቱ ያማረ።

ወሬው ገበያውን ሲያዳርስ ውቢት ክሯን ይዛ ተመለሰች። ከበሩ ላይ ቆመች። ሰው ተሰልፎ፣ ባርኔጣ ወልቆ፣ ነጠላ ተጣፍቶ፣ የልጇን ደረት እየሳመ ያልፋል። ላቀው ከሩቅ አያት። ፊቷ በራ፤ እንዲያ በርቶ ከመርዶው ወዲህ አይቶት አያውቅም። ወዲያው እንባዋ ዝርግፍ አለ። ሴቶቹ «አያችሁ፣ በረከቱ!» ተባባሉ።

ላቀው በሥራው የተደሰተች መስሎት በሰው መሐል ተሹለክልኮ ጆሮዋ ሥር ገባ።

«አየሽ ሰዉን? የመቅደስ መጋረጃ ናት ብያቸዋለሁ፤ ጭጭ በይ» አላትና ጠቀሳት።

ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ። ላቀው ብርሃኑን ያየውን ያህል መጥፋቱንም አይቷል፤ ግን ያን ጊዜ የሚያየው ሰልፉን ነበር።

ብዙም ሳይቆይ መምሬ ደምለው መጡ። ሰዉ ሁለት ቦታ ተከፍሎ አሳለፋቸው። መስቀላቸውን አሳለሙ፤ ድሪቶውን ሳይነኩ ቆመው አዩት።

«ላቀው።»

«አቤት አባ።»

«ሰዉ የሚለው እውነት ነው? የመቅደስ መጋረጃ ናት?»

የውሸቷ ማቆሚያ እዚህ ላይ ነበረች። «ቀልዴን ነው አባ» ቢል ጥቂት ይቆጡታል፤ አሻግሬ አንድ ዓመት ያሾፍበታል፤ ያልቃል። ላቀው ግን ዓይኗን ያሸችውን ባልቴት አየ፤ ኮፍያውን የያዘውን አሻግሬን አየ፤ የሊድያን ካሜራ አየ።

«እውነት ነው አባ።»

«እንግዲያው እዚህ ምን ትሠራለች?» አሉ መምሬ፣ ሳይቆጡ። «በመቅደስ የኖረ ነገር መኝታ ላይ አይነጠፍም፤ ለፈረንጅም አይሸጥም። ያረጀ ንዋየ ቅድሳት ወግ አለው። ወደ ቤቱ ተመልሶ፣ ጸሎት ተደርሶበት ይቃጠላል፤ አመዱም እግር በማይረግጠው ቦታ ያርፋል።» ወደ ውቢት ዞሩ። «ልጄ፣ የሰፋሽው አንቺ ነሽ። ነገሩ እሱ እንደሚለው ነው?»

ውቢት አረንጓዴዋን አየች። ወንድሟን አየች። ላቀው በዓይኑ ሳቀላት፤ አይዞሽ ማለቱ ነበር።

«እሱ እንዳለው ነው አባ» አለች።

ሊድያ መቀስ አመጣችላት። ውቢት ራሷን ነቀነቀች። ድሪቶውን አስወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠችና በመርፌ ጫፍ ስፌቱን አንድ በአንድ ፈታችው። ረጅም ጊዜ ወሰደባት፤ ማንም አላቻኮላትም። ስትጨርስ አረንጓዴዋን ወደ ፊቷ አስጠግታ ቆየች፤ የምትሳለም መሰለ። ከዚያ በሁለት እጇ ዘርግታ ለመምሬ ሰጠች። ሴቶቹ እልል አሉ። ላቀውም አብሯቸው እልል አለ። እስከ ዛሬ ከራሱ ጆሮ ያልወጣለት ያ የራሱ እልልታ ነው።

ገበያው ተበትኖ ኡሙሰልማ መደቧን አጣጥፋ ስትመለስ ድሪቶውን ለማየት ጎራ አለች። ውቢት ወደ ቤቷ ሄዳለች። ላቀው ብቻውን ድሪቶውን ይጠቀልላል። ኡሙሰልማ ቀዳዳውን አየችና ቆመች።

«የልጁን ሸሚዝ የት አደረሳችሁት?»

«የየትኛው ልጅ?»

«ላቀው፣ አታሹፍብኝ። የገዱን ነዋ!»

«የገዱማ በተዝካሩ ተሰጥቷል።»

«ወላሂ አልተሰጠም! ቀለሙ የሚገጥም ክር ፈልጊልኝ ብላ እኔ ዘንድ አይደል ይዛው የመጣች? ከእስሬ የወጣን ጨርቅ ቢገለብጡት አይጠፋኝም። ለመሆኑ ከኔ የገዛኸው አንተው አይደለህም? ዳባት ገበያ ላይ፣ ልጁን አጠገብህ አቁመህ። ‹የፈረንጅ ጄኔራል ሸሚዝ ነው፣ ጥይት አይበሳውም› ብለኸው በሳቅ የገደልኸን!»

ድሪቶው ከላቀው እጅ ወደቀ።

አስታወሰ። ገዱ ያኔ ውሸት የሚያምንበት ዕድሜ አልፎት ነበር፤ ግን ለአጎቱ ሲል ያመነ መሰለ፤ ደረቱን ነፍቶ «እስቲ ተኩስብኝ» እያለ ገበያውን ዞረበት። ሊዘምት ሲነሣ ደግሞ አውልቆ ለእናቱ ሰጣት። «አጎቴ ጥይት አይበሳውም ያለውን ላንቺ ትቼልሻለሁ እማ፤ እኔ የሚሰጡኝን እለብሳለሁ።» ሁሉም ስቀው ነበር።

ላቀው እየሮጠ መምሬ ደምለው ቤት ደረሰ። አረንጓዴዋ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ከመጻሕፍቱ በላይ ተቀምጣለች። እግራቸው ላይ ወድቆ ነገራቸው፤ ሸሚዙን፣ ኪሱን፣ ገዱን። በሕይወቱ አንድ ነገር ሳይጨምር የተናገረ ያን ጊዜ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ያም ሆኖ ለራሱ ጆሮ እንኳ እንደ ጭላዳው ወሬ ተሰማው።

መምሬ ክንዱን ይዘው አነሡት።

«ላቀው፣ ቀትር ላይ መጋረጃ ናት አልህ። አሁን ሸሚዝ ናት አልህ። ነገ ምን ልትላት ነው?»

«በገዱ አጥንት አባ!»

«የገዱን አጥንት ተወው፤ እሱ ይረፍበት። እኅትህ ከሕዝብ ፊት ‹እሱ እንዳለው ነው› ብላኛለች፤ እሷ ዋሽታኝ አታውቅም። ትምጣና ሌላ ነው ትበለኝ፤ በዚያችው ደቂቃ እመልስላታለሁ። እስከ ነገ ቅዳሴ እጠብቃለሁ።»

ወደ ውቢት ሮጠ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አገኛት፤ እጇ ባዶ ነበር፤ እጇን ባዶውን አይቶት አያውቅም።

«እታለም፣ ተነሺ! መምሬ ይሰጡሻል። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈልጉ።»

አልተነሣችም።

«ለምን ዝም አልሽ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ‹ውሸታም ነው› ብትይኝ ምን ነበረበት? ለኔ አዲስ ነው?»

«የጭላዳው ውሸት አዲስ አይደለም» አለች ውቢት። «በመቅደስ ስም ዋሽቶ ሕዝብ ጨርቅ አሳለመ ከተባልህ ግን ደባርቅ ላይ ማን በሩን ይከፍትልሃል? ማንስ በቅሎህን ይይዛል? ያለኸኝ ወንድም አንድ ነህ ላቄ። ልጄ እንደሆን ሸሚዙ አያስነሣውም።»

«እኔን ተይኝ፤ ልዋረድ!»

«እኔም አለሁበት። በተዝካሩ ‹ሁሉንም ሰጥቻለሁ› ብዬ መስቀል ተሳልሜያለሁ። ከነፍሱ ቀምቼ ነው የደበቅሁ። እኔና አንተ ሁለት ውሸታሞች ነን፤ ያንተ ያምራል፣ የኔ አያምርም።» ቀጥላም «መጀመሪያ ሳያቸው ልጄን የሚስሙ መስሎኝ ነበር» አለች። «አውቀውት። ለአፍታ።»

ላቀው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተደግፎ ቆመ። ከጽዶቹ መሐል ቀጭን ጭስ ወጣ፤ ነፋሱ ወደ ገደሉ ወሰደው። የሚያልፉ ሰዎች ያረጀ ንዋየ ቅድሳት መሆኑን እያወቁ አማተቡ። ከነሱ መሐል የገዱ ደረት መሆኑን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ያችን ሸሚዝ እንግዲህ ጥይት አልበሳትም። ያወራው ሁሉ ሐሰት ሲሆን ያችኛዋ እውነት ሆነች።

ውቢት ቀዳዳውን አልደፈነችውም። ላቀው ገበያ ወጥቶ አረንጓዴ ጨርቅ ፈልጎ አመጣላት፤ ኡሙሰልማም ከእስሯ መርጣ አመጣች። ውቢት አጥፋ አስቀመጠችው። «እጄ እንቢ አለኝ» ብቻ አለች። በደባርቅ ብርድ ከነቀዳዳው ትለብሰዋለች።

በዓመቱ ዐውደ ርእዩ ዳባት ላይ ሲሆን ሊድያ እንደገና ለመነቻት። ውቢት በዚህ ጊዜ ክር አልቆብኛል ብላ አልሄደችም፤ ከድሪቶው ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ላቀው አጠገቧ ቆመ። ሰው ስለ ቀዩ ሲጠይቀው «የካፖርት ቁራጭ ነው» ይላል። ስለ ሰማያዊው «ሱሪ ነው» ይላል። ሰዎች ታሟል እንዴ ተባባሉ።

አሻግሬ ከአምባ ጊዮርጊስ መጥቶ ነበር። ገና ከበሩ ድሪቶውን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ፤ የቀዳዳውንም ጠርዝ በአክብሮት ነካ። አጠገቡ ያለ እንግዳ ሰው «እዚህ ቦታ ምን ነበረ?» ብሎ ጠየቀ።

ላቀው ወደ ውቢት አየ። አልከለከለችውም።

«ሸሚዝ» አለ። «የእኅቴ ልጅ ሸሚዝ። ገዱ ይባል ነበር። ዘምቶ ቀረ።»

አሻግሬ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

«ደግሞ ጀመረህ! አንተ ቀጣፊ፣ እሱን ለማያውቅህ ንገር! በገዛ ከንፈሬ የሳምኳትን መጋረጃ ሸሚዝ ነበረች ልትለኝ? እንዲያው ለሟች እንኳ አታዝንም?»

ሰዉም ሳቀ። አንዱ ከኋላ «እስቲ የጭላዳውን!» አለ።

ውቢት በርጩማዋ ላይ እንዳለች እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ መዳፏን በቀዳዳው ላይ አደረገች።